ወይዘሮ ባፈና እና አሥራ ዘጠኙ ክሮች

በየከተማው አንዲት አትጠፋም። እሷ ብቅ ስትል ባለሱቁ መዝጊያውን ይገፋል፣ የመንግሥት ጸሐፊ ጠረጴዛ ሥር የሌለ ወረቀት ይፈልጋል፣ ባላገሩ አህያውን አዙሮ በመጣበት ይመለሳል። ፖሊስ አይደለችም፤ ቀረጥ ተቀባይም አይደለችም። ለድኻ ልጆች የበዓል ልብስ የምትለምን ሴት ናት። ከእንዲህ ያለችው ሴት ያመለጠ ሰው የለም፤ የሞተ ካልሆነ በቀር። የሞተውም ቢሆን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

በደብረ ብርሃን ይህን ወንበር ይዘው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ ባፈና ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህም የሚሽራቸው አልተገኘም። ነጠላቸው ሥር ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ዛሬ ሁለት ክንድ ካኪ፣ ነገ የአንድ ሟች ዳኛ ሱሪ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከወታደር ካፖርት የተፈታ አሥራ ሁለት ቁልፍ። ሰው "የለኝም" ሲላቸው አይከራከሩም። "እሺ፣ እስኪኖርህ ልጠብቅ" ይሉና በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው።

ያ ሁሉ ጨርቅ የሚያርፈው በልብስ ሰፊው በወልደተንሣኤ በረንዳ ነበር። ወልደተንሣኤ አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ ስድስት ዓመት ሙያ የተማረ፣ ሜትር ከአንገቱ የማይለይ፣ የጣት ግማሽ ስፋት ስትሳሳት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። ለወይዘሮ ባፈና በነጻ ይሰፋል፤ እምቢ ብሎ በሩ ላይ እንዲቀመጡበት አይፈልግም። በመጀመሪያው ዓመት ግን አንድ እፍኝ ክር ይዘውለት ሲመጡ ደሙ ፈላ።

"ይሄ ምንድን ነው እሜቴ?"

"ልጆቹ ናቸዋ!"

እውነትም እያንዳንዱ ክር አንድ ልጅ ነበር። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው እጅጌ፣ ከዚያ እስከ ሦስተኛው ቁመት።

"ልጆቹን ያምጡልኝና በሜትር ልለካቸው።"

"አንተ በረንዳ ላይ የተለካ ልጅ ከተማው ሁሉ አይቶት ነው የሚገባ። ስፋ ዝም ብለህ።"

እሳቸው ሲለኩት ልጁም አያውቅም። ሥላሴ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያገኙትና "ጎሽ፣ አደግህልኝ!" ብለው በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይይዛሉ፤ ከክንዱ ላይ የሌለ ጉድፍ ያራግፋሉ፤ እግሩ አጠገብ ጎንበስ ብለው የወደቀባቸውን መርፌ ይፈልጋሉ። ቀና ሲሉ ነጠላቸው ውስጥ ሦስት ቋጠሮ ተቋጥሯል።

ልብሱ ሲያልቅም ወደ ልጁ ቤት አይሄድም። ወደ ክርስትና እናቱ ወይም ወደ ክርስትና አባቱ ቤት ነው የሚሄደው። የክርስትና ልጅን በበዓል ማልበስ ወግ ስለሆነ እናት "ማን አዘነልኝ?" ብላ አንገቷን አትደፋም፤ "የክርስትና እናቱ ልካለት ነው" ብላ ለጎረቤት ታሳያለች። ወይዘሮ ባፈናም ልብሱን ሲያደርሱ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ በጣታቸው እየጠቆሙ ያስምላሉ።

"አየኸኝ?"

"አላየሁዎትም።"

"ጎሽ።"

ይህ አሠራር አሥር ዓመት ያለ እንከን ሄደ። ያበላሸው ወልደተንሣኤ ነው።

ነገሩ በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ነው። የገና በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ ባፈና አሥራ ዘጠኝ ክር በረንዳው ምስማር ላይ ሰቀሉ። ወልደተንሣኤ ብርዱ እያንቀጠቀጠው በሸሚዝ ይሠራል። የድሮ ኮቱ ክርኑ ላይ አልቆ ለእጅጌ ማጠንከሪያ ከተቆራረጠ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ጋቢ ቢደርብ ደግሞ የስፌት መኪናው መዘውር ይይዝበታል።

"አንተ ሰው፣ ክር በክር ሆነሃልኮ!" አሉና ከጀርባው ጠረግ ጠረግ፣ ከክንዱም ለቀም ለቀም አደረጉለት። ልብስ ሰፊ ላይ ክር አይጠፋምና ስፌቱን ቀጠለ። እሳቸውም "አንኮበር ደርሼ እመጣለሁ፤ ጨርቅ ሲመጣልህ ጀምር" ብለው የጭነት መኪና ተሳፈሩ።

እሳቸው ከሄዱ በሦስተኛው ቀን የጨርቅ ነጋዴው አቶ ገብረመንፈስቅዱስ አንድ ሙሉ ጣቃ በሁለት ተሸካሚ አስይዘው፣ ሰው እየጠሩ መጡ። "ለድኻ አደግ ልጆች ነው! ከእኔ ነው!" ጨርቁ ወፍራም፣ ጥሩ ጥጥ ነው። መልኩ ግን ቢጫና ቡናማ መስመር፣ ቁርጥ የንብ ወገብ። ሁለት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ገዢ አጥቶ የኖረ።

ወልደተንሣኤ የመጣለትን ሲያይ ደስ አለው። እንደ ወትሮው ከዚህ ሁለት ክንድ፣ ከዚያ ቁራጭ እያገጣጠሙ ዓይን ማጥፋት ቀረ። ጨርቁን ስምንት እጥፍ አነባብሮ፣ ክሮቹን በቁመት ደርድሮ፣ በአንድ ጠዋት አሥራ ዘጠኙንም ቆረጠ። የተረፈው ብጣሽ መሐረብ አይወጣውም። አርመኑ ቢያየው ያቅፈው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጌሾ ሻጯ አልታየች የተቀደደ ከረጢት ልታስጠቅም መጣች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇን እናናየሁን ይዛ የምትኖር፣ ቅን ግን ኩሩ ሴት ናት። የተከመረውን አየች።

"እነዚህ ናቸው የአቶ ገብረመንፈስቅዱስ ድኾች?"

"እ... አዎ።"

"እሰይ! እንግዲህ የገና ለት ቆመን መቁጠር ነው። አንተ፣ ይሄን አልብሶ ልጁን ቤተ ክርስቲያን የሚልክ ማን ነው? እኔ ብሆን በሬን ዘግቼ እውላለሁ።"

ከረጢቷን ይዛ ሄደች። ወልደተንሣኤ መቀሱን አስቀመጠና ምስማሩ ላይ ያሉትን ክሮች አየ። አንደኛው ላይ የእጅጌ ቋጠሮ ሁለት ነው፤ አንዱ ከሌላው ሦስት ጣት ያጥራል። በከተማው ግራ እጇ አጠር ያለ አንዲት ልጅ ናት ያለችው፤ እናናየሁ።

ከዚያ በኋላ ሲሰፋ እግሩ ከበደው። አሥር ዓመት የተሸሸገውን የሰው ገመና እሱ በአንድ ጠዋት፣ ያውም የሚረባ ብጣሽ ሳያስተርፍ፣ አደባባይ ሊያወጣው ነው። ሌላ ጨርቅ የለም። በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ወይዘሮ ባፈና ከአንኮበር ሲመለሱ ጥፋቱን አንድ በአንድ ተናዘዘ። አልተቆጡም። ጨርቁን በጣታቸው ቆነጠጡ፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ አፍንጫቸውን ነፉ።

"ገብረመንፈስቅዱስ ስንት ጣቃ ቀረው?"

"አራት ነው መሰለኝ። ምን ሊያደርግልዎት?"

"እሱን ለኔ ተወው። አየኸኝ?"

"አላየሁዎትም።"

ቀጥ ብለው ወደ ዳኛው ሚስት ወደ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቤት ሄዱ። የተነጋገሩትን ወልደተንሣኤ የሰማው ቆይቶ ነው። ወይዘሮ ባፈና እንደሚምሉት አንዲት ቃል አልዋሹም። "ሸዋዬ፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ዘንድሮ ምን እንደሚለብሱ እስካሁን አልሰማሽም?" ብለው ጠየቁ፤ መጠየቅ ውሸት አይደለም። ከዚያ የዚያን ጨርቅ ብጣሽ ከነጠላቸው አውጥተው መልሰው ሸሸጉ። "ለማንም እንዳትነግሪ። ጨርቁ ትንሽ ነው።"

በማግስቱ ፀሐይ ሳትሞቅ ወይዘሮ ሸዋወርቅ በረንዳው ላይ ነበሩ።

"ወልደተንሣኤ፣ ለአራት ልጆቼ! ቀድሜ ነው የመጣሁት፣ እወቅልኝ።"

ለማንም አልተነገረምና እስከ ምሳ ድረስ ከተማው ሁሉ ሰማ። የጸሐፊው ሚስት መጣች፣ የመቶ አለቃው ሚስት መጣች፣ ሁለቱ መደቡ ላይ "እኔ ነኝ ተረኛ" ተባብለው ተኳረፉ። አራቱ ጣቃ በሁለት ቀን አለቀ። ዘግይታ የደረሰች አንዲት እመቤት በወንድሟ በኩል ከደነባ ገበያ ልታስመጣ ሞከረች፤ እዚያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ያየው ሰው የለም። ወልደተንሣኤ ሌት ተቀን መኪናውን ረገጠ፤ ሲረግጥ ግን፣ ከአልታየች ንግግር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያፏጭ ነበር።

የገና ዕለት ሥላሴ ቅጥር ግቢ ንብ የሠፈረበት መሰለ። ቢጫና ቡናማ ከጥግ እስከ ጥግ፤ የዳኛው ልጅ፣ የጸሐፊው ልጅ፣ የመቶ አለቃው መንታዎች፣ መካከላቸው ደግሞ አሥራ ዘጠኙ፤ የትኞቹ እንደሆኑ እግዜርና ወይዘሮ ባፈና ይወቁ። አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ያለበሷቸውን ድኾች ሊቆጥሩ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ነበር። ስልሳ ሲደርሱ ግራ ገብቷቸው ተዉት፤ እስከ ማታም በራሳቸው ቸርነት ሲገረሙ ዋሉ።

አልታየች ልጇን በቀኝ እጇ ይዛ በወልደተንሣኤ አጠገብ አለፈች። የእናናየሁ ግራ እጅጌ ልክ የእጅ አንጓዋ ላይ አርፏል።

"አየህልኝ?" አለች አልታየች በሹክሹክታ፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ። "የክርስትና እናቷ ናት የላከችላት። እነዚህ ባለጠጎች ግን ሐፍረት የላቸውም፤ የልጄን ልብስ አይተው ሁሉም ቀዱ!"

ወልደተንሣኤ ሳቁን በሳል ሸሸገ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠበት ድንጋይ የዚያን ጊዜ ተነሣለት።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናው ላይ አንድ ነገር ተሸፍኖ አገኘ። ገለጠው። ኮት ነው። ከአንኮበር ባና፣ ከወፍራሙ የበግ ጠጉር ልብስ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ድርብ። ለበሰው። ትከሻው ልክ፣ እጅጌው ልክ። ከጀርባው የተጠረገው፣ ከክንዱ የተለቀመው ክር ትዝ አለው።

ወይዘሮ ባፈና በመንገዱ ላይ በፍጥነት ያልፉ ነበር፤ ወደሱ እንኳ አልዞሩም።

"እሜቴ! ይሄን ማን አመጣው?"

"የክርስትና አባትህ ልኮልህ ነው።"

"የክርስትና አባቴ ከሞቱ አሥራ አራት ዓመታቸው እኮ ነው!"

"ታዲያ መንገዱ ቅርብ መሰለህ? ይኸው ዛሬ ደረሰልህ።" ቆም አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ። "አየኸኝ?"

"አላየሁዎትም" አለ ወልደተንሣኤ። ኮቱን መቆለፍ ጀመረ።

ኮቱን አንኮበር ውስጥ ማን እንደሰፋው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሙያ ያለው ሰው ግን አይደለም። ሁለተኛው የቁልፍ ቀዳዳ ጠማማ ነው፣ ክሩም የተዝረከረከ። ወልደተንሣኤ በምላጭ ፈትቶ ለማስተካከል ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። የጣት ግማሽ ስፋት ስትሳሳት እንቅልፍ የሚያጣው ሰው ያን ኮት ስንት ክረምት ለበሰው፤ ያቺን ቀዳዳ ግን እስካሁን አልነካትም።