ሰፈሩን የቀሰቀሰው ስንብት

«ድሮ ቀረ!» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ጋሽ ተስፋይ ይባላሉ። የምጽዋ ልጅ፣ ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው። የሚኖሩት በለንደን አሮጌው ወደብ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው።

«ይሄ ሰፈር ሞቷል!» ይላሉ። «መርከባችን እዚህ ስትቆም ሲዘፈን ይታደር ነበር። ዛሬ መጋዘኑ ሁሉ አፓርታማ ሆነና፣ ሰው ጮክ ብሎ ካስነጠሰ ለፖሊስ ኮምፕሌን ያደርጉበታል።»

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው መጠጥ ቤት ይህንኑ ለእኔና ለጓደኞቼ ሲያወጉን አመሹና፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ «ደህና እደሩ» ብለውን ወደ ቤታቸው ወጡ። እኛም ወጣን። ሐበሻ ወጣ ማለት ግን ሄደ ማለት ነው እንዴ? ዋናው ጨዋታ የሚጀምረው በር ላይ ስንሰነባበት አይደል? «እባክዎ በጸጥታ ይውጡ» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆመን ሞቅ አደረግነው።

ድንገት ከላይ መስኮት ተከፈተ። ጋሽ ተስፋይ ናቸው፤ በፒጃማ።

«ኧረ ልጆች፣ ሰው ተኝቷል! ኮምፕሌን ሳላደርግ ወደየቤታችሁ!»

አፍረን መንገድ ስንጀምር፣ «ቆይ እንጂ!» ብለው ጠሩኝ። «እናትህ ደህና ናት? ወገቧን ተሻላት? ክሮይደን ያለው ወንድምህስ አገባ?»

ከፎቅ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ፎቅ ስንጯጯህ የመጋዘኖቹ መስኮቶች በየተራ ተከፈቱ። መብራቱ በራ፣ ውሻው ጮኸ፣ ስድቡ ዘነበ።

ጋሽ ተስፋይ ግራ ቀኙን አዩና ፊታቸው ፈካ።

«አያችሁ? ድሮ እንዲህ ነበር!»