«ያጠፋ ይክስ» የሚሉት ጎረቤቴ

ሕግ የማያከብር ሰፈር ሞልቷል፤ ሕግ አዋቂ ጎረቤት የሌለው ሰፈር ግን በአገራችን የለም። ለእኛ የደረሱን ክቡር አቶ ገብረየስ ነበሩ። አዋሳ ፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንዲት ቁጥር አንጠልጥለው ወጡ። እሷኑ ለሁሉ ነገር ይመዝዟታል፦ «ሁለት ሺህ ሃያ ስምንት። ያጠፋ ይክስ።»

የጎረቤት ፍየል ጎመን ብትበላ ሁለት ሺህ ሃያ ስምንት ነው። ፒያሳ ሻይ የደፋባቸውን አስተናጋጅ፣ ብርጭቆው ለኤግዚቢትነት ይቀመጥ ብለው አስለቅሰውታል። መናኸሪያ በር ላይ ጭቃ የረጫቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው ሻሸመኔ ድረስ ሾፌሩን ሲሟገቱ ሄዱ፤ ይቅርታ ሲላቸው በዚያው አውቶቡስ ተመለሱ።

እኔ ያኔ የአንድ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ንብረት ክፍል ነበርኩ። ዕቃ ሲመጣ ጥቅሉን ሳይፈቱ መፈረም ወጋችን ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ባህሩ፣ ጓድን መጠርጠር ነውር ነው ይሉ ነበር። ይህን ለአቶ ገብረየስ ባጫወትኳቸው ቀን ሰላሜን አጣሁ። ከፊርማህ ሥር «ጥቅሉ ሳይፈታ የተረከብኩት» ብለህ ጻፍ እያሉ ጠዋት ማታ ነዘነዙኝ። ለመገላገል ስል ጻፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ የተባለው መረብ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ በመጀመሪያው ቀን ተበጣጠሰ። ቀለም ውስጥ የተነከረ አሮጌ መረብ ኖሯል። ጓድ ባህሩ ጣታቸውን ወደ ፈራሚው፣ ወደ እኔ ቀሰሩ። በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጸመ የተባለ ሰው እቤቱ ለመመለሱ ዋስ አይገኝለትም። ሮጬ ለአቶ ገብረየስ ነገርኳቸው።

አቶ ገብረየስ ከረባታቸውን አስረው መርማሪዎቹ ፊት ቀረቡ። ሰነዱን አስመጥተው ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበቡ፤ ከዚያ ዕቃውን ገዝቶ ያስጠቀለለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጓድ ባህሩ ነበሩ። ምርመራው ወደ እሳቸው ዞረ፤ እውነተኛውን አዲስ መረብ በስውር የሸጡለት ነጋዴም ተገኝቶ መሰከረ።

ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይዤ ለምስጋና ብሄድ አልተቀበሉኝም።

«ሳይፈትሹ መፈረምም ጥፋት ነው» አሉኝ። «እሑድ ወርደህ የአስጋሪዎቹን መረብ ጠግን። ያጠፋ ይክስ።»

በልቤ እየረገምኳቸው እሑድ ማለዳ ወረድኩ። ቀድመውኝ ኖሯል። ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ክር በጥርሳቸው ይዘው መረብ ይሰፋሉ።

«እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?» አልኳቸው።

«‹ፍታና እይ› ማለት ሲገባኝ፣ ‹ሳይፈታ ብለህ ጻፍ› ብዬ መከርኩህ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ቁጥሯ እኔንም ትይዛለች።»

እኚህን ሰው ዛሬም እወዳቸዋለሁ። መረብ መስፋት ግን አያውቁበትም ነበር። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ የሰፉትን ሁሉ ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት፤ ሁለት ሺህ ሃያ ስምንትን ግን አላነሳሁባቸውም።