የምስር ፍሬ የምታክል ቆብ

አሥር ደቂቃችሁን ብትሰጡኝ የማያስቆጭ ታሪክ እነግራችኋለሁ። ብቻ መሀል ላይ ማብራራቴ አይቀርም፤ ቻሉኝ። ሞባይል መጠገንን ያለ አስተማሪ ከቪዲዮ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ብቻውን የተማረ ሰው ደግሞ ያወቀውን ለሌላው ካልነገረ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌላም አመል አለን። ችግር ስናይ ቶሎ የሚታየን መሣሪያ ነው። በር ቢጮህ ዘይት፣ ብሎን ቢያስቸግር ካቻቢቴ እንፈልጋለን። ሰው ሲያለቅስ እንኳ ኪሳችንን እንዳብሳለን።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቶራ ከገሱባ ተነሥተው ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ሱቄ የመጡት የልብ ጓደኛቸው አቶ ዳና በተቀበሩ ማግስት ነው። ሁለቱ በወጣትነታቸው ቃል ተገባብተዋል። ቀድሞ ለሄደው፣ የቀረው በልቅሶው ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ሊተኩስለት። የሚተኮሰውም በአቶ ዳና ቤት ከአያት በወረደው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ዋናው የልቅሶ ቀን ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«እጄን እየው» አሉኝና በሱቄ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። መስታወቱ ተንቀጫቀጨ።

ችግሩ ይህ ነው። የዛሬ ሽጉጥ ጥይቱን አንድ ላይ ተሰናድቶ ያገኘዋል። ያኛው አሮጌ ግን ባሩዱን ከፊት ይጎርሳል፤ ከኋላ በኩል ደግሞ ባሩዱ በሚገባበት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጀርባ አንዲት ትንሽ የብረት ጡት አለች። በዚያች ጡት ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የመዳብ ቆብ ትለበሳለች። መቺው ቆቧን ሲመታ ብልጭ ትልና ባሩዱ ይቀጣጠላል። ቆብ ከሌለ ተኩስ የለም። ጣት ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ቆብ የለም።

ፈረንጆቹ ለዚህች ሥራ ብቻ የሚሆን ማልበሻ አላቸው። አንዱ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነው፤ ቆቦቹ በውስጡ ተሰልፈው በመውጫው አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉ። ሌላው ቀጥ ያለ ነው፤ ከኋላ ሞላ ይገፋቸዋል። ስትመርጡ አፉን እዩ፤ ጡቷ ያለችበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም አፍ አይገባም። የተጠቀለለውን ሶዶ ውስጥ ከቪዲዮ በቀር አላገኘሁትም። ቀጥ ያለውን ከአሮጌ የሬዲዮ አንቴና ሠራሁት፤ ሞላውን ከእስክሪብቶ አወጣሁ። ለመጠባበቂያ የቀበቶዬን ጫፍ ቆርጬ፣ ቆቧን ጨብጦ የሚይዝ ቀዳዳ በሳሁበት። ሁለቱንም በምስር ሞከርኳቸው። ግሩም ሠሩ። ምስር አያለቅስም፤ ሰውም ከቦ አያየውም።

አቶ ዳና ራሳቸው እንዲህ ያለ ችግር አልነበረባቸውም ይባላል። በሌሎች ሽማግሌዎች ልቅሶ ላይ ሲተኩሱ ሽጉጡ ከቤት የሚወጣው ቆቡን ለብሶ ነበር። (ለብሶ መዞሩ አደጋ ነው፤ እናንተ አታድርጉት።) ገሱባ በሙሉ «የዳና ጣት» እያለ ያደንቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ተኩስ ፈቀዱ፤ የቀበሌው ሚሊሻም የፈቃድ ወረቀቱን አይቶ ከጎን ቆመ። ባሩዱ በጥጥ ተወትፏል፤ የጥይት እርሳስ የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ከሽጉጡ ጋር በመጣችው ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ የቀሩት ቆቦች አምስት ናቸው።

ጋሽ ቶራ አንቴናዬን አስጠጉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የእስክሪብቶው ሞላ ተፈናጠረ፣ ቆቧ ሣር ውስጥ ገባች። የቀበቶውን ቁራጭ አቀበልኳቸው። ሁለተኛዋም ወደቀች። ሦስት ቀሩ። እኔ ልሞክር ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ሌላ ከወደቀ ሦስቱ ተኩስ እንደማይሞላ ሳስብ መልሼ ሰበሰብኩት።

ከኋላ አንዱ «የሞባይል ሐኪሙ ቻርጅ ያድርገው እንጂ!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ጋሽ ቶራ ሽጉጡን ዝቅ አድርገው «ዳና፣ አሳፈርኩህ» አሉ። ሳቁ ተቆረጠ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሀል የአቶ ዳና ባለቤት እማማ ባሎቴ ተነሡ።

«ቶራ፣ ወዲህ አምጣው።»

«ባሎቴ፣ ይሄ እኮ የሴት ሥራ...»

«ሃያ ዓመት የማን ሥራ ነበር?»

ተቀመጡ፤ አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው ሽጉጡን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩትን ጣቶቻቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። የቡና ፍሬ የሚለቅሙ ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም።

«የእሱም እጅ እንዳንተው ነበር» አሉ፣ ጋሽ ቶራና አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ብቻ በምንሰማው ድምፅ። «ከጓዳ አልብሼ እሰጠው ነበር። በተለይ ለአንተ እንዳልነግር አስምሎኛል። ዛሬ ግን ይፈታኛል።»

ጋሽ ቶራ ሽጉጡን ተቀብለው ሦስት ጊዜ ተኮሱ፤ ሦስቱም ጮኹ። እጃቸው እስከ መጨረሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ለመተኮሱ ግን ችግር የለውም፤ ሰማይ ሰፊ ነው።

ልቅሶው ሲበተን እማማ ባሎቴ አንቴናዬን ከሣር ላይ አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ጥሩ ነው» አሉ። «ምስር መልቀሚያ ይሆናል። ብትጠይቀኝ ኖሮ ግን ቀበቶህ አይቆረጥም ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ስንት ቪዲዮ ጠየቅኩ፤ ሽጉጡ ያለበትን ቤት ግን አልጠየቅኩም። ይህን ከመጻፌ በፊት ሄጄ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። መጠየቅ ለምጃለሁ።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። ሽጉጥ አያስፈልግም። እንጨት ላይ ምስማር ምቱ፤ ክንዳችሁ እስኪዝል ውኃ ቅዱ፤ ከዚያ በዚያው እጅ አንዲት የምስር ፍሬ በምስማሩ ራስ ላይ ለማስቀመጥ ታገሉ። ትወድቃለች። አትጎንበሱ፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁና ቤታችሁ ውስጥ ማን እንደሚያነሣት እዩ።