እንዳይቆሽሽ የተቆለፈው ክፍል

ታሪክ የማይረሳቸው ሰዎች አሉ። ታሪክ ከረሳቸውም ራሳቸው ተነሥተው ያስታውሱታል። በዲላ ከተማ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት ጓድ ሽብሩ ከሁለተኞቹ ወገን ናቸው። አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ በድርብ ጭቆና ስትማቅቅ ለኖረችው ለጭቁኗ ሴት የሚሆን የምርመራ ክፍል አሠርተው፣ ሪባን አስቆርጠው፣ ረጅም ንግግር አድርገው፣ ጭብጨባው ሳይበርድ ቆለፉት።

የቆለፉት በክፋት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ አዲስ የምርመራ አልጋ አለ፤ ነጭ መጋረጃ አለ፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ሴቶቹ ደግሞ ከሩቅ ገጠር፣ ከዱመርሶ፣ ከባንኮ ጎቲቲ ድረስ ጭቃ ረግጠው ነው የሚመጡት። አንዷ ገብታ ብታቆሽሸው ከክፍለ ሀገር የሚመጡት እንግዶች ምን ይጎበኛሉ? "ክፍሉ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው" ይሉ ነበር ጓድ ሽብሩ፤ "ስለዚህ ማንም እንዳይነካው ልንጠብቀው ይገባል።" ይህን የመሰለ አስተሳሰብ ያለ ብዙ ንባብ አይገኝም።

የዚህ ጥበቃ ትሩፋት አስቀድሞ የደረሰው ለገዛ ባለቤታቸው ለሙሉካ ነው። ሙሉካ ካመማት ዓመት ሊሞላት ነበር። ከባሏ ጋር በተኛች ቁጥር ታችኛው ሆዷን ይቆርጣታል፤ ሽንቷ ያቃጥላታል፤ የማታውቀው ፈሳሽ ይታያታል። ሁለተኛ ልጅ አጥብቃ ትፈልጋለች፤ መካን ሆኜ ልቀር ነው ብላ ትሰጋለች። ለእናቷ ብትነግር "ይህ እንዴት ይወራል?" ተባለች። ቢቸግራት ለባሏ ነገረች። ጓድ ሽብሩ በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት አንቱታ ይወዳሉ።

"ብርድ ነው" አሏት፣ ከሚያነቡት ቀና ሳይሉ።

"በዚህ ሙቀት የምን ብርድ ነው? ያችን ክፍል ከፍተው አንድ ጊዜ ቢያስመረምሩኝ ምናለ?"

"የኃላፊው ሚስት በእንዲህ ያለ ጉዳይ ተሰልፋ ብትታይ ጠላት ምን ይላል?"

"የቱ ጠላት?"

"ኢምፔሪያሊዝም ነዋ።"

ሙሉካ ኢምፔሪያሊዝም የእሷን ማህፀን ይህን ያህል እንደሚከታተል አታውቅም ነበር። ጓድ ሽብሩ ግን አሳቢ ባል ናቸው። ሻሸመኔ ላይ ሴሚናር ይበዛባቸዋልና አንድ ጊዜ ሲመለሱ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ገዝተው አመጡላት። ከዚያ ወዲያ ሙሉካ ላብ በላብ ሆና ትታመም ጀመር።

ቡና በሚለቀምበት ሰሞን እንግዶቹ ሊመጡ መሆኑ ተነገረ። ያን ጊዜ አንድ እንከን ታየ፤ ክፍሉ ታካሚ የለውም። ባዶ አልጋ ማስጎብኘት ደግሞ አያምርም። ግቢው ውስጥ በሽተኛ ሞልቷል። የነጋዴው የነጅሙዲን ሚስት ረህማ እንኳ ከወለደች ወዲህ ደሙ አልቆም ብሏት በየሳምንቱ እየመጣች በር ላይ ትመለሳለች። ጓድ ሽብሩ ግን ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። በሽተኛ ብሶት አለበት፤ እንግዳ ካየ ይናገራል። ስለዚህ ለዚህ ታሪካዊ ቀን የሚያስፈልገው ጤነኛ ታካሚ ነው።

"አንቺ ትተኛለሽ" አሏት ሙሉካን።

"እኔ?"

"ንጹሕና ጨዋ ሰው ነው የምፈልገው። ሲጠይቁሽ አገልግሎቱ በጣም ጥሩ ነው ትያለሽ። ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ።"

እሺ አለች። ከእንግዶቹ መካከል ዶክተር ውዳሴ የምትባል የሴቶች ሐኪም እንዳለች ሰምታለች። ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት ተኛች።

በቀኑ ዘበኛው ወልዱ ረህማንና ሌሎቹን ሴቶች "ለዛሬ እንኳ አትታመሙ" ብሎ ከሕንፃው ጀርባ ሰበሰባቸው። እንግዶቹ ገቡ። የልዑካኑ መሪ ጓድ ወልደዮሐንስ ወለሉን አይተው ተደነቁ። ጓድ ሽብሩም አልጋው አጠገብ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጓዶች፣ በትናንቱ በስባሽ ሥርዓት የሴቷ ሕመም በጓዳ ተደብቆ..."

"ምን ሆና ነው?" አለች ዶክተር ውዳሴ፣ ሙሉካን እያየች።

"ምንም አልሆነችም፤ ታካሚ ናት።"

ሐኪሟ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። "ምንሽን ነው የሚያምሽ፣ እህቴ?"

ሙሉካ ወደ ባሏ አየች። ጓድ ሽብሩ በቅንድባቸው "አገልግሎቱ" የሚል ምልክት ሰጧት።

"ከባሌ ጋር ስተኛ ያመኛል" አለች ሙሉካ። "ያቃጥለኛል፤ ፈሳሽም አለኝ። ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብርድ ነው ይሉኛል።"

ልዑካኑ በአንድነት ጣራውን መጎብኘት ጀመሩ። ዶክተር ውዳሴ መጋረጃውን ሳበችው። መርምራት ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል።

"ብርድ አይደለም፤ ሳይታከም የከረመ ጨብጥ ነው። ዛሬውኑ መርፌ ትጀምር። ባሏ ካልታከመ ግን ተመልሶ ይይዛታል። ባሏን ጥሩልኝ።"

በሩ ላይ የቆመው ወልዱ፣ ሲጠየቅ መመለስ የለመደ ዘበኛ ነውና፣ "እኚህ ናቸው" ብሎ ጓድ ሽብሩን አመለከተ።

ጓድ ወልደዮሐንስ እንዲህ ላለ ቀውጢ ሰዓት የተፈጠሩ መሪ ነበሩ። "ጓድ ሽብሩ" አሉ፤ "አንድ አብዮታዊ ኃላፊ በሁሉም መስክ ግንባር ቀደም መሆን አለበት። አሁኑኑ ይወጉና አርአያ ይሁኑን።"

ጓድ ሽብሩ ጠላትን አይፈሩም፤ መርፌ ግን ይፈራሉ። መድኃኒቱ ሲቀዳ ሲያዩ በሕይወታቸው አጭሩን ንግግር አደረጉ።

"እኔ ባለፈው ጥቅምት ሻሸመኔ ተወግቼ ድኛለሁ።"

ሙሉካ ከመጋረጃው ኋላ ሰማች። ለካ ያውቅ ኖሯል። የሚያማትን ስሙን ሳይቀር እያወቀ፣ እሱ ድኖ፣ እሷን ብርድ ነው ሲላት ከርሟል። ከሕመሟ ሁሉ ይህ አንገበገባት።

ጓድ ወልደዮሐንስም በጣም አዘኑ። ያሳዘናቸው ግን ሌላ ነው። "ይህን የመሰለ ክፍል ይዘው ሻሸመኔ ድረስ ለሕክምና መሄድዎ በራስ የመተማመን መርሓችንን የሚጻረር ነው" አሉ። "ለምን እዚሁ አልታከሙም?"

"ክፍሉ እኮ የሴቶች ነው፣ ጓድ" አሉ ጓድ ሽብሩ በተሰበረ ድምፅ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሙሉካ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

"ልክ ነህ፤ የሴቶች ነው" አለችው። "እንግዲህ ወንዶቹ ውጡልን። ወልዱ፣ እነረህማን ጥራልኝ።"

ልዑካኑ እርስ በርስ እየተያዩ ወጡ። ጓድ ሽብሩ በሩ ላይ ዞር ብለው አንድ ነገር ሊናገሩ ነበር፤ ሴቶቹ እየገቡ ስለነበር መንገድ ለቀቁላቸው።