ለምንም የማትሆነው አበባዬ

እኛ ሰፈር ለዕፅዋት ያለን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ለምን ይሆናል?» ኮሶው ለሆድ፣ ጌሾው ለጠላ፣ ጦስኙ ለሻይ፣ ባሕር ዛፉ ለአጥርም ለኪስም። መልስ ያልተገኘለት አረም ይባልና ይነቀላል። «ለማየት ነው» ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። እስቲ እናንተው፣ ጎረቤታችሁ የማትበላ፣ የማትጠመቅ፣ የማትሸጥ ቅጠል በየማለዳው ተንበርክኮ ውኃ ሲያጠጣ ብታዩት ምን ትላላችሁ? በሉ አትዋሹ።

እኔ ፍኖተ ሰላም የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ካቻምና ደጋ ዳሞት ሰርግ ተጠራሁ። ሰርገኛው ሲጨፍር እኔ ነፋስ ልቀበል ብዬ ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ወዳለው ተራራ ወጣሁ፤ ጅብራው ከቆመበት፣ ጓሳው ከሚርገበገብበት አጠገብ፣ ከድንጋይ ሥር አንዲት አበባ አየሁ። ሰማያዊ ናት፤ ግን ታጥቦ ታጥቦ እንደሳሳ ሰማያዊ። ከኋላዋ ቀጭን ጭራ አላት፤ ሽታዋ ሰው ያስቆማል። ያገሩን ሰዎች ብጠይቅ «በልጅነታችን ተራራውን ሞልታው ነበር፤ አሁን የገብሱ እርሻ ሽቅብ እየወጣ ቦታዋን በላው» አሉኝ። ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ደርቆ ከፈነዳው ፍሬዋ ጥቂት በመሐረቤ ቋጥሬ ተመለስኩ።

የውርጭ ልጅ ናትና ሙቀታችን እንዳይገላት በተሰነጠቀ እንስራ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ከጓሮ ዘራኋት። የጉድጓድ ውኃ እያሳደርኩ በማለዳ አጠጣታለሁ። ባለቤቴ አልጋነሽ «እኔን ወባ ሲጥለኝ እንኳ እንዲህ አላስታመምከኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዘሩ አብዛኛው በስብሶ ቀረና አንዷ ብቻ በቀለች። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምኞቴ አንድ ሆነ፤ አብባ፣ አንድ ሰው አይቷት «ታምራለች» እንዲል።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ ናቸው።

«ለምን ትሆናለች መምህር?»

«ለምንም። አበባ ናት።»

«ስሟስ?»

«አላውቀውም።»

እትየ ፈገግ አሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂ የቅጠሉን ስም ለሰው አይነግርም፤ በአደባባይ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል፣ ኃይሉም ይሄዳል። ስለዚህ እውነተኛ አዋቂ ሲጠየቅ «አላውቅም» ይላል። እኔ ደግሞ አላውቅም ብቻ ሳይሆን ምዬ ተገዝቼ አላውቅም አልኩ። በማልኩ ቁጥር አዋቂነቴ እየበረታ ሄደ።

ሰንበት ብሎ አያ ደሴ የሚባሉ የሰፈራችን ሽማግሌ አንድ ቅጠል በስርቆሽ ቀጥፈው፣ በኪሳቸው ከተው፣ ለመሬት ጉዳይ ቢሮ ሄዱ። ለዓመታት ሲመላለሱበት የነበረው ጉዳይ በአንድ ቀን አለቀ። ያውም ወንበር ተሰጣቸው! በአንድ ቀን ጉዳዩ ያለቀለት፣ ወንበርም የተሰጠው ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? «የግርማ ሞገስ መድኃኒት ናት» አሉ። አልፈርድባቸውም።

ከዚያማ ቡሬ ለሥራ ፈተና የሚሄደው አንድ ቅጠል፣ ማንኩሳ ሚስት ሊያጭ የሚሄደው አንድ ቅጠል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አይደል? በእሾህ አጠርኳት። አጥሩን ያየ ሁሉ ደግሞ «ይኸው፣ መድኃኒት ባትሆን ኖሮ ያጥራት ነበር?» አለ። እምቡጥ ልትይዝ ስትል ቅጠሏ ተመልጦ አገዳዋ ብቻ ሊቀር ደረሰ።

መላውን ያመጣችው አልጋነሽ ናት። «ስትክድ እኮ ነው ያስከበርካት» አለችኝ። «አውጃትና አርክሳት።»

«ስሟን ሳላውቅ?»

«ስም አውጣላታ! የስንቱን ልጅ ስም አውጥተህ የለ።»

በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። «ወገኖቼ» አልኩ፣ «ስትጠረጥሩኝ የከረማችሁት እውነት ነው። ቅጠሊቱን ከደጋ ዳሞት አመጣኋት፤ ስሟ የደጋ ሙሽራ ይባላል፤ በኪስ ትያዛለች፤ ለግርማ ሞገስ ትሆናለች። የፈለገ መጥቶ ይቁረጥ!»

አያ ደሴ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«ኧረ ምነው መምህር! ምን ነካዎ? ሰው ሀብቱን እንዲህ ኸአደባባይ ይደፋል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጓሮዬን የረገጠ የለም። እሾሁን አነሳሁት። ቅጠሏ ቀስ በቀስ ተተካ፤ ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ሲገባ አበባዬ ፈነዳች። እዚያ ተራራ ላይ እንዳየኋት፣ ጭራዋም ሽታዋም ሳይቀር። አልጋነሽ እንኳ በርጩማዋን አምጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እኔ ግን ደስታዬ ብቻዬን አልችለው ብሎኝ ጎረቤቱን ሁሉ «ኑና እዩልኝ» ብዬ ጠራሁ።

መጡ። እትየ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ አያ ደሴ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ። እትየ አበባዬን ዝቅ ብለው አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«አይዞዎት መምህር፤ እግዜር ይተካልዎት። እንዲያ ያለ መድኃኒት ኸእጅዎ ወጥቶ፣ አበባው ብቻ ይቅርዎት?»

ምን እላለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። ሐዘን ሊደርስ የመጣ ሰው ደግሞ ቶሎ አይነሳም። አግዳሚ ወንበር ወጣላቸው፤ ቁጭ አሉ፤ እያዘኑልኝ፣ አበባዬን ትክ ብለው እያዩ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አብረውኝ ዋሉ።