እትዬ አዛለች የተቀመጡበት ቀን

እግዜር ሰፈር ሲፈጥር በየሰፈሩ አንድ አስደንጋጭ ሴት ሳይመድብ አያልፍም። የሚያስደነግጡን በክፋት አይደለም፤ መቀመጥ ስለማይችሉ ነው። ሌላው ሰው ወሬ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይሰማል፤ እኒህ ሴት ግን መንገድ ወጥተው ይቀበሉታል። ውሻ ቢጮኽ ጦር መጣ፤ ጭስ ቢታይ ከተማ ተቃጠለ፤ ምንም ባይኖር ደግሞ "ይኼ ዝምታ አላማረኝም!" ይባላል። ለእኛ ለወላይታ ሶዶ ነፍጠኛ ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ አዛለች ነበሩ፤ የሽሽት ፊታውራሪ፣ የአጥር ጎረቤቴ።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት፣ ጣሊያን የወረረን ጊዜ ነው። በጥቅምት ባሎቻችን ወደ ደቡብ ግንባር ዘመቱ። የእኔው ወልደመስቀል ሲሄድ እርጉዝ መሆኔን እሱም እኔም አላወቅንም። የእትዬ አዛለች ባል ባሻ አድነው በበቅሎ ሄዱ፤ ስንቃቸውን ተሸክሞ ከኋላቸው በእግሩ የሄደው ገባራቸው ሻንቆ ነበር። የሻንቆ ሚስት ቦሼ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ እንሰት በከበበው ጎጆዋ ከትንሽ ልጇ ጋር ቀረች። በየሳምንቱ ለባሻ ቤት እንጨት ታመጣለች፣ እህል ትፈጫለች። ማንም ስለ ድካሟ ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

እትዬ አዛለች ቀጭን፣ ረጅም፣ አርባን ያለፉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሸረጡ ይውላሉ። ከኅዳር ጀምሮ ጓዛቸው ታስሮ በር ሥር ተቀምጧል። ወጥ ሲሠሩ ጓዙን ይፈቱና ማማሰያውን ያወጣሉ፤ አማስለው፣ አጥበው፣ መልሰው ያስሩታል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላሉ። ከዚያ ወደኛ ዞር ብለው "ተነሱ እንጂ፣ ምን ተቀመጣችሁ!"

መጀመሪያ አውሮፕላን መጣ ብለው ሰፈሩን በሙሉ አጥር ሥር አስተኙት። የንብ መንጋ ነበር። ስንስቅባቸው "ንብስ ቢሆን አይናደፍም?" አሉን። በጥር ተኩስ ሰምተው ሴቱን ሁሉ ወደ ገደል አስወረዱ። የቄሱ ልጅ ሠርግ ነበር፤ እኛም የተጠራንበት። ደርሰን ስንመለስ ምግቡ አልቋል።

የሦስተኛው ሽሽት ግን ታሪክ አለው። ቦሼ እንጨት አውርዳ ውኃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ እትዬ አዛለች ከውጭ "መጡ!" ብለው ጮኹ። በሩጫቸው መካከል ደጃፍ ላይ የምትጫወተውን የቦሼን ልጅ አዩ። ብድግ አድርገው አዘሏት። የራሳቸውን ጓዝ በአንድ እጅ እየጎተቱ፣ ልጅቱን በጀርባ እንዳዘሉ ዳገቱን ተያያዙት። ቦሼ ከጓዳ ብትወጣ ልጅ የለችም። ልጄን ሰረቁኝ ብላ እሷም በእግሬ አውጪኝ ተከተለች። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌለ ጠላት እየሸሸች፣ ሌላዋ እሷን እያሳደደች ግማሽ ዳሞታን ወጡ። ስትደርስባቸው እትዬ አዛለች ልጅቱን በገዛ ነጠላቸው ሸፍነው፣ ድንጋይ ጨብጠው ቁልቁል እያዩ ነበር።

"ማን መጣ?" አለች ቦሼ።

"ይመጣል" አሉ እትዬ አዛለች።

ቦሼ ሳቀች። መሬት ላይ ተዘርራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጆች ሆኑ። እኛ አንቱ የምንላቸውን ሴት ቦሼ አንተ ትላቸው ነበር፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። "አንተ አዛለች፣ ዛሬም ሮጥክ?" ስትላቸው እኛ እንስቃለን። እኔ ግን ወላይትኛ ልናገር ስሞክር እሷ ስቃብኝ አታውቅም።

በግንቦት አዲስ አበባ ተያዘች የሚል ወሬ ደረሰን። ጣሊያን ገና አገራችን አልገባም፤ የእኛም መንግሥት የለም። ከግንባር የተበተነ የተራበ ወታደር፣ ሽፍታ፣ በነፍጠኛ ላይ የቆየ ቂም የያዘ ገባር፣ ሁሉም በየፊናው ተነሳ። ቂሙ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ የማውቀው ሆዴ መግፋቱንና እንቅልፍ ማጣቴን ብቻ ነው። እትዬ አዛለች በሳምንት ሁለቴ ያስነሱን ጀመር። በሰኔ አንድ ጠዋት በዝናብ ጎትተው አስወጡኝና ጭቃው አዳልጦኝ በጎኔ ወደቅሁ። የመጣ ሰው አልነበረም። ፅንሱ ተጎድቶ ይሆን ብዬ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳይረግጡ!" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ" ብለው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ቃላቸውን ጠበቁ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ረፋድ፣ ወገቤን እየቆረጠኝ ተኝቼ ሳለሁ፣ የጭቃ ድብልብል ጣራዬን መታው። ሁለተኛው በሬን መታው። ብቅ ስል እትዬ አዛለች አጥሩ ማዶ፣ ሁለት እጃቸው ጭቃ ሆኖ ቆመዋል።

"ደጅሽን አልረገጥኩም! ከአጥር ውጭ ነኝ! ተነሺ!"

"እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ይተዉኝ።"

"ስምሽ ፈጠነች ነው፤ ምን ያዘሽ?"

በሩን ልዘጋ ስል አንድ ነገር አየሁ። ጀርባቸው ላይ ምንም የለም። ያን ሁሉ ወር ያለ ጓዛቸው ሲሮጡ አላየኋቸውም።

"ጓዝዎስ?" አልኩ።

"አንቺን ልሸከም ነው እንጂ ጓዝ ምን ያደርግልኛል!"

ያኔ እውነት መሆኑን ዐወቅሁ። ቀና ብል ከከተማው በታች በኩል ጭሱ ወፍሮ፣ ጩኸቱም እየቀረበ ነው። ያን ቀን ከሰፈራችን ሰው ብዙ አልተረፈም። የተረፈው በአብዛኛው እትዬ አዛለች ደጋግመው ያስሮጡት፣ የትኛው ገደል ማንን እንደሚሸሽግ በእግሩ የተማረ ነው። እኔ ግን መሮጥ አልቻልኩም። ግማሹን መንገድ ተደግፌአቸው፣ ግማሹን አዝለውኝ ቦሼ ጎጆ ደረስን።

ቦሼ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም። እትዬ አዛለች ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "ቦሼ፣ ባሌ ያደረገብሽን ግፍ አውቃለሁ። እኔም ሲያደርግ አይቼ ዝም ብያለሁ። እኔን ብታባርሪኝ ፍርድ ነው። ይቺን ግን አስገቢልኝ" አሏት።

"ያን ቀን ወሬው ውሸት ነበር" አለች ቦሼ። "ልጄን አዝሎ የሮጠ ግን እውነት ነው። ግባ።"

እኔን በእሳቱ በኩል አስተኛችኝ። እትዬ አዛለችን ከብቶቹ በሚያድሩበት በጎጆው ጨለማ ወገን፣ ከላሟ አጠገብ አስቀምጣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ከመረችባቸው። "አንተ አዛለች፣ አሁን አትነሳም። ሰማህ?" ወደኔ መጥታ ጆሮዬ ላይ፣ "አንተ ደግሞ በአማርኛ አትጩህ" አለችኝ።

ምጥ የያዛት የኛ አገር ሴት ማርያምን ሳትጠራ እንዴት ትወልዳለች? ጨርቅ ነከስኩ። ብዙም ሳይቆይ የወንዶች ድምፅ ግቢውን ሞላው። የፊተኛው ቶማ ነበር፤ የሻንቆ አጎት ልጅ፣ ጦር የያዘ። ወላይትኛው ለእኔ የሚገባኝን ያህል ገባኝ፤ የባሻ ሚስት ወደዚህ ስትመጣ ታይታለች ነው የሚለው። ቦሼ በሩን በሰውነቷ ሞልታ፣ "እህቴ ምጥ ይዟታል። ግባና አዋልድ!" አለችው። ወንድ ምጥ ቤት አይገባም። ቶማ ወደኋላ አለ፤ ግን አልሄደም። ጓዶቹን ይዞ የጀመረውን ዝናብ ሊያሳልፍ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተቀመጠ። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ግድግዳ ቀርከሃ ብቻ ነው።

ምጡ ሲጠና ቦሼ ለእኔ ጮኸችልኝ። እኔ አፌን ስይዝ እሷ በቋንቋዋ ትጮኻለች፤ ላቧ ከላቤ ጋር ይወርዳል። እንዲህ እስከ ቀትር ቆየን። በመካከሉ ላሟ ተንቀሳቀሰች። በቅጠሉ ሥር ባለው እግር ላይ ስትቆም አየሁ። እትዬ አዛለች፣ ንብ ያስሮጣቸው የነበሩት ሴት፣ ንቅንቅ አላሉም። ቅጠሉ እንኳን አልተንኮሻኮሸም። ሞተዋል ብዬ አለቀስኩ፤ ሰበብ አግኝቼ አለቀስኩ።

ልጄ ጮኻ ወጣች። የልቅሶዋ ቋንቋ አልታወቀባትም። ከውጭ ቶማ የምርቃት ቃል ተናገረ፤ ከጓዶቹ ጋር ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ለአራሷ ብሎ አንድ ቅል ቅቤ ላከ። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ ቦሼም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ቅጠሉን ስናነሳ እትዬ አዛለች ዐይናቸው ፈጥጦ ነበር። ሁለት የእግር ጣታቸው ተሰብሯል። "ልጅቱ ደህና ናት?" አሉ። ቦሼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ያኔ ነው የጮኹት፤ ስለ እግራቸው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። ጣሊያን ሶዶ ገባ። ባሻም ሻንቆም አልተመለሱም፤ ስለ ወልደመስቀል አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ተማርኳል ይለኛል። ከተማው ሲረጋጋ እኔ ልጄን ብርነሽን ይዤ ወደ ሰፈሬ ተመለስኩ። የእትዬ አዛለች ቤት ግን ተቃጥሏል። ዘመድ ላስጠጋዎት ቢላቸው እምቢ አሉ። ለቦሼ እንሰት ይፍቃሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፤ የባለርስቱ ሚስት የገባሯ ገባር ሆነዋል። ቀን በቀን ይጣላሉ። "ይኼ አዛለች ቁጭ አይልም፣ ዶሮዬን አሳበደ" ትላለች ቦሼ። እሳቸውም "ይቺ ሴት አንድ ቀን ተኝታ ትታረዳለች" ይላሉ። እያነከሱም ከሁሉ ቀድመው የሚሮጡት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የሸዋ ዘመዶቼ መኪና ላኩልኝ። ጠቅልለሽ ነይ አሉኝ። ዕቃዬን ጫንኩ፤ ብርነሽን ታቅፌ ወጣሁ። ሞተሩ ተነሳ። ሰው ሁሉ ደህና ግቢ እያለ ይስቃል፣ ይመርቃል፤ መንገዱ ሰላም ነው ይላል። አንድም የሚያስፈራራኝ ሰው የለም። "አውርዱኝ" አልኩ። ሾፌሩ አበደች አለ።

ልጄን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። እትዬ አዛለች ከእንሰቱ መካከል ከሩቅ አይተውኝ፣ ነጠላቸውን እያሸረጡ፣ እያነከሱ ወደኔ ቁልቁል መጡ። ገና ሳይደርሱ፣ "ሰማሽ? በቤሌ መንገድ አቧራ ታይቷል አሉ!"

"በሐምሌ ምን አቧራ አለ?" አለች ቦሼ ከኋላቸው።

እኔ ልጄን አውርጄ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። "ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እትዬ" አልኳቸው።