ጋሽ ኃይለሚካኤል መብራት ሲያጠፉ

አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤት በሚቆጥርበት ግቢ ሁሉ አንድ መብራት አጥፊ አለ። አብነት ሰፈር ይሁን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ግቢ ገብታችሁ "ማነው በጠራራ ፀሐይ ያበራው?" የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ፣ ወይ ሰውዬው ለቅሶ ሄዷል፣ ወይ መብራቱ ራሱ ሄዷል።

የልብስ ሰፊዋ የቢልቂስ ግቢ መብራት አጥፊ ክቡር ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፤ ሹመቱን የሰጣቸው የለም። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ካውያ ሲሞቅ ከአጥር ማዶ ይሸታቸዋል። የሰው ስልክ "ሞልቷል እኮ!" ብለው ይነቅላሉ። አንድ ቀን የቢልቂስ ደንበኛ ቀሚስ እየለካች ሳለ፣ ክቡርነታቸው ፊታቸውን አዙረው እጃቸውን ብቻ በመጋረጃው ሰደዱና መብራቱን ድርግም አደረጉት። ልጅቷ ጮኸች።

"ምን ያስጮኻል? ማን ያይሻል በጨለማ!" አሉ ከውጭ።

"እኚህ ሰውዬ ሊያሳብዱኝ ነው" ትላለች ቢልቂስ። ግን አፍ አውጥታ አትናገራቸውም፤ ቆጣሪውን የሚያሮጠው የእሷ የስፌት መኪና ሞተር ነዋ! የመብራት ሂሳቡ በየወሩ ሲከመር ግቢው ተሰብስቦ፣ የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ካልደጎመን ሞተሩ ይነቀል ብሎ ቆርጧል። ከተነቀለ በእግር መርገጥ ነው፤ ያውም በዚያ በሚያማት ጉልበቷ። ልጆቿ ደግሞ የሚበሉት ከዚያች መኪና ነው።

ማኅበሩ የሚደጉመው ቤት ለቤት አይቶ የባሰበትን ነው። ቅዳሜ እንደሚመጡ ሲሰማ ጋሽ ኃይለሚካኤል ግቢውን ልምምድ አስገቡት።

"ቴሌቪዥኑ ይሸፈን! አንድም አምፖል እንዳይበራ! ሲጠይቋችሁ እውነቱን ነው፣ ከብዶናል በሉ። ማፈር የለም!"

ቢልቂስ ያን ቀን ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ እየጣለ፣ ደመናው ግቢውን አጨልሞታል። የማኅበሩ ሊቀመንበር እማማ ዘሀራ ሁለት ሰው አስከትለው ሲገቡ የበሩ መድረክ አደናቀፋቸው። አልወደቁም፤ የጋሽ ኃይለሚካኤል ነፍስ ግን ልትወጣ ደረሰች።

"እኔን! እኔን! እንግዳ በጨለማ? አብሩ እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ? ሁሉንም አብሩት!"

በራ። ኮሪደሩ፣ በረንዳው፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር በራ። እንግዶቹ ጋሽ ኃይለሚካኤል ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ሻይ ተጣደ። እንግዳ እንዳይደብረው ቴሌቪዥኑ ተገለጠ። ቢልቂስ በሩ ጋ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

"ኑሮ እንዴት ነው ጋሼ? የመብራቱ ሂሳብ አልከበዳችሁም?" አሉ እማማ ዘሀራ ሻዩን ፉት ብለው።

"ኧረ ተመስገን! ምን ጎድሎብን? ከኛ የባሰ ስንት አለ!"

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ልምምድ ውሃ በላው። የቢልቂስ ደም ፈላ።

"አንቺስ ልጄ?" አሏት እማማ ዘሀራ።

አሁን ትናገራለች። ሞተሩን፣ ጉልበቷን፣ ልጆቿን፣ ሁሉንም ትዘረግፈዋለች። አፏን ስትከፍት ጋሽ ኃይለሚካኤልን አየቻቸው፤ ለእንግዳ የሚወጣውን ሰሃን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸው በርቷል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን" አለች። ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች።

እንግዶቹ ተነሱ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ሊሸኙ ተከተሉ፤ እጃቸው ግን አላስቻለውም። እማማ ዘሀራ ከቤት ሲወጡ የቤቱ ጠፋ። ኮሪደሩን ሲያልፉ የኮሪደሩ ጠፋ። አንድ እግራቸው ገና በረንዳ ላይ ሳለ በረንዳው ድርግም! ውጭ በር ደርሰው ሲዞሩ ግቢው ጭልም ብሏል፤ ሽማግሌው የሽንት ቤቱን ሊያጠፉ በዝናብ ይሮጣሉ።

እማማ ዘሀራ ሽማግሌውን በዓይናቸው ተከተሉ። "በከር፣ ይሄን ግቢ መዝግበው" አሉ አጠገባቸው ያለውን ሰው።

"ምንም አልጎደለንም አሉ እኮ እማማ።"

"እኔም ቤት እንግዳ ሲመጣ እንደሱ ነው የምለው። መዝግበው።"

ከኋላ ስትሸኝ የሰማችው ቢልቂስ እንባዋ መጣ፤ ቤቷ ገብታ አምፖሏን አበራች። ጋሽ ኃይለሚካኤል ርሰው፣ እያለከለኩ ተመለሱ፤ ቤቷ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አንጋጠጡ።

"ይሄ ደግሞ ለማን ነው የሚበራው?"

ፎጣ አውጥታ ራሳቸውን አደረቀችላቸው። ከዚያ እየሳቀች፣ አምፖሏን ራሷ አጠፋችው።